ሳቢራ ከአጥር ማዶ የሠራችው ወጥ

እስቲ ያችን ሴትዮ ተመልከቷት። ቡሬ፣ ከበርበሬ ተራው ጀርባ፣ መስኮቱ ወደ ጎረቤት ግቢ በሚያይ ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ተደግፋ የተቀመጠችውን። ግራ እግሯ በጀሶ ታስሯል። ጥቁር ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትቆጣለች።

«አማስይው እንጂ ልጄ! ማማሰያው ለጌጥ ነው እንዴ የተሰጠሽ?»

ሳቢራ ትባላለች። ወጥ እየሠራች ነው። ድስቱ ያለው ግን ከአጥሩ ማዶ፣ ጎረቤቷ ደጊቱ ግቢ ነው።

በዚህ ሰፈር ክርስቲያን ጎረቤት ልጁን ሲድር ሁለት ዳስ ይጥላል። የሙስሊሙ እንግዳ ዳስ የራሱ አራጅ፣ የራሱ ድስት፣ የራሱ ወጥ ሠሪ አለው። ሳቢራ በሙሽርነት ቡሬ ከገባች ወዲህ ያቺ ወጥ ሠሪ እሷ ናት። የደጊቱን ታላላቅ ልጆች ሰርግ የያዘችው እሷ ናት። በዚህ ጥር የመጨረሻዋ ልጅ እስከዳር ልትዳር ቀን ተቆርጦ ሳለ ሳቢራ ከበርበሬ መጋዘኗ ደረጃ ወደቀችና እግሯን ሰበረች።

ያኔ «ይረፉ» ባዮች ተነሡ። ምን ዓይነት ቃል ነው ይሄ? ማን ጠየቃችሁ? ሰው የሚወደውን ሥራ ከእጁ ነጥቆ ትራስ ማስታቀፍ፣ ከዚያ ደግሞ ምስጋና መጠበቅ! የደጊቱ ወንድም ክንዱ ዋናው ነበር። «ከፍኖተ ሰላም ሙስሊም ባለሙያ ሴት አስመጣለሁ፤ እትዬ ሳቢራ ይረፉ» አለ።

ሳቢራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እህል አልቀምስም አለች። «እስከዳርን አዝዬ አሳድጌ፣ ሰርጓን ባዳ ይሥራላት?»

ልጇ ሚፍታህ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። አንድ ሆቴል አሮጌ ዕቃውን ሲያራግፍ የገዛው ገመድ አልባ ስልክ ሱቁ ውስጥ ነበረ። ጠራርጎ አመጣው፤ ሁለት መነጋገሪያና መብራት ላይ የሚሰካ አንድ ማስቀመጫ።

«እማ፣ ይሄ ሞባይል አይደለም። ኔትወርክ አይለምንም። አንዱን አንቺ ትይዣለሽ፣ አንዱን ምራትሽ ራጂያ ትይዛለች። ድምፃችሁን ወደ ቁጥር ይለውጥና በሬዲዮ ይልከዋል፤ ማስቀመጫው መሀል ሆኖ ያቀባብላችኋል። የእትዬ ደጊቱ ግቢ ቅርብ ነው፣ ይደርሳል።»

«ሒሳቡስ?»

«ሒሳብ የለውም።»

«እንዲያውም! ታዲያ ይሄን የመሰለ ነገር እስከ ዛሬ የት ደብቃችሁት ነው?»

እውነቷን ነው። በየመጋዘኑ አቧራ የሚጠጣ ስንት ዕቃ አለ! ለሰው የሚደርስ ሲመስለው የሚቆልፍበት ቁልፍ የሚፈልግ ስንት ኃላፊ አለ!

ሚፍታህ ማስቀመጫውን መስኮቱ ላይ ሰካና «ከዚህ እንዳይነሣ» ብሎ ወጣ። ክንዱ ግን አላመነም። «እስከ ረፋድ እናያለን። ካልሆነ መኪናዬን አስነሥቼ ሴትዮዋን አመጣለሁ።»

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ድስቶቹ ተጣዱ። የሚፍታህ ሚስት ራጂያ መነጋገሪያውን ይዛ ቆመች።

«እስቲ ወደ ድስቱ አስጠጊው» አለች ሳቢራ። ራጂያ አስጠጋችው። «ገና ነው። ሽንኩርቱ ውኃውን አልጨረሰም፤ ይንጫጫል። ሲበስል ድምፁ ይወፍራል። ዘይቱን ያዢው።»

«እሺ እማማ፣ እርስዎ እንዳሉ።»

የክርስቲያኑ ዳስ ሴቶችም ለማየት ተሰበሰቡ። ደጊቱ ጎንበስ ብላ ስልኩ ላይ ጮኸች፦ «አንቺ ሳቢራ፣ እኔንም አድምጪኝ እስቲ፤ በስያለሁ?»

«አንቺማ ካረርሽ ቆየሽ!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ።

ፀሐይ ከፍ ሲል ሳቢራን የሚጠይቁ ሰዎች ይገቡ ጀመር፤ ሕፃናትም ተከትለው። ሳቢራ መስኮቱን አየች። ይሄን የሚያህል ዕቃ ሜዳ ላይ? በቤቷ ወርቅም ሐርም የሚቀመጠው በብረት ሳጥኑ ነው። አንዷን ጠያቂ «የእኔ እመቤት፣ እባክሽ እዚያ አስገቢልኝ» አለቻት። ሴትዮዋ የመብራት ገመዱን በጠርዙ አስወጥታ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ዳንቴል አለበሰችው። ሳቢራ ልቧ ረጋ።

ከአጥሩ ማዶ ድምፁ ጠፋ።

«ሄሎ! እማማ! ሄሎ!» ራጂያ ብትዞር፣ ብትጮህ፣ ምንም። ወጡ ቅመም የሚገባበት ሰዓት ነው። ክንዱ የመኪና ቁልፉን አወጣ። «አላልኳችሁም?»

ደጊቱ በሩ ላይ ቆመችበት። «ክንዱ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ ከዚህ ፈቀቅ እንዳትል!»

ሚፍታህ አጥሩን ዘሎ ገባ። እናቱ መነጋገሪያውን ታራግፋለች።

«እማ፣ ማስቀመጫው የታለ?»

«አትሥጋ፣ በደንብ አስቀምጬልሃለሁ» አለችና ወደ ሳጥኑ ጠቆመችው።

ሚፍታህ ራሱን ያዘ። «ብረት ውስጥ ከደንሽበት ሬዲዮው በየት ይውጣ?»

«ታዲያ አትነግረኝም! ‹እንዳይነሣ› ብለህ ሄድክ እንጂ ለምን እንደሆነ መች ነገርከኝ?»

ልክ ናት። ትእዛዙን ለእናቶቻችን እንሰጥና ምክንያቱን ለራሳችን እናስቀራለን፤ ሲሳሳቱ ደግሞ እንስቃለን። ሚፍታህ አልሳቀም። «አጥፍቻለሁ እማ» አለና ክዳኑን ከፍቶ ማስቀመጫውን መስኮቱ ላይ መለሰው።

ስልኩ ጮኸ።

«ራጂያ! ቅመሙን ጨመርሽው?»

«አልጨመርኩም እማማ፤ ድስቱን አውርጄ እርስዎን እየጠበቅኩ ነው!»

«ወላሂ ምራቴ አንቺ ነሽ! መልሰሽ ጣጂው።»

ምሳ ላይ የሙስሊሙ ዳስ ሞላ። የተነሣ ትሪ ባዶውን ይመለሳል። እንግዳውን ያስተናግድ የነበረው ክንዱ መነጋገሪያውን ከራጂያ ተቀበለ።

«እትዬ ሳቢራ፣ ክንዱ ነኝ።»

«አወቅኩህ፤ ይረፉ ባዩ!»

«ይማሩኝ። እኔ እንኳ ከዚህ ዳስ አልቀምስም፤ ሽታው ግን ሃይማኖቴን እየተፈታተነኝ ነው። ሐጂ መሐመድአወል ለሦስተኛ ጊዜ አስጨመሩ።»

«ጨምርላቸው። አንተም እንዳታርፍ!»

ክንዱ እየሳቀ መነጋገሪያውን ወደ ዳሱ ከፍ አደረገው። የሁለቱም ዳስ ሴቶች እልል አሉ። እልልታው በሬዲዮ አጥሩን ተሻግሮ የሳቢራን ክፍል ሞላው። እሷም ጀሶዋን ረስታ ከአልጋዋ እልል አለች፤ ድምፅዋ መሀል ዳሱ ላይ ተሰማ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ፦ «እማማ፣ እስከዳር ነኝ። ልወጣ ነው፤ ይመርቁኝ።» ሳቢራ ስትመርቃት ዳሱ በሙሉ አሚን አለ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ቤት «ይረፉ» ተብላ ጥግ የተቀመጠች እናት አለች። መጽሐፉን አስቀምጥና ሂድ። ምን መሥራት እንደምትፈልግ ጠይቃት፤ መልሷንም እስክትጨርስ ስማት።