ያልተሞላው የደረጃ ቁጥር

እህተማርያም አሜሪካ፣ ፎርት ስኔሊንግ ባለው ኤርፖርት ዘጠኝ ዓመት ታክሲ ነድታ፣ ወገቧ እምቢ ሲላት ኮሌጅ ገብታ ፕሮግራሚንግ ተማረች። አሁን ሕመምተኞችን በቫን የሚያመላልስ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች።

ማክሰኞ ጠዋት አለቃዋ ኣሪያም ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ሜፕልዉድ ከተማ የሚኖሩት አቶ ሓጎስ ትናንት የኩላሊት እጥበታቸው አመለጣቸው። ሲስተሙ የላከው አንድ ሾፌር ብቻ ነው። ሰውዬው በዊልቸር ናቸው፤ ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። እስቲ ቼክ አድርጊው።»

ሾፌር የሚመድበውን ኮድ ከፈተችው። ራሷ የጻፈችው ነበር። የቤቱ ደረጃ ብዛት ከዜሮ ጋር እኩል ከሆነ አንድ ሾፌር ላክ፣ ካልሆነ ሁለት ይላል። ያወዳደረችው ግን በሁለት የእኩል ምልክት ነው። እንደዚያ ሲጻፍ የፕሮግራሚንግ ቋንቋው በማወዳደሩ ላላ ይላል፤ ባዶ የተተወውንም እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። በአቶ ሓጎስ ፎርም ላይ የደረጃው ቦታ ባዶ ነው።

ሦስተኛ የእኩል ምልክት ጨመረች። ይሄኛው ጥብቅ ነው፤ ቁጥር ከቁጥር፣ ጽሑፍ ከጽሑፍ ካልሆነ እኩል አይልም። ስትሞክረው ደግሞ ዜሮ ብለው በትክክል ለሞሉትም ሁለት ሾፌር መደበ። ለካ ከፎርሙ የሚመጣው ዜሮ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም። ከዚያ እንደ አዲስ ጀመረች፤ ባዶውን ለብቻው ለየች፣ የተሞላውን ወደ ቁጥር ቀየረች፣ ከዚያ በኋላ ነው ያወዳደረችው። ምሳ ሰዓት አለፈ።

«የማን ስህተት ነው?» አለች ኣሪያም።

«የኔ። እንደሳቸው የደረጃው ቦታ ባዶ የተተወበት ሠላሳ አራት ሰው አለ። ለሁሉም እኔው እደውላለሁ።»

መጀመሪያ አቶ ሓጎስ ዘንድ ደወለች።

«አባባ፣ ቤትዎ ስንት ደረጃ አለው?»

«አሥራ ስድስት። ሾፌሩ ብቻውን ሊያወርደኝ ሲል፣ ተው ሁለታችንም እንወድቃለን አልኩት።» ድምፃቸው ደከም ብሏል። «ዛሬ ጠዋት ልጄና ጎረቤቴ ተሸክመው አውርደው ወደ እጥበቱ ወሰዱኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልጠይቅዎት ደረጃ የለም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ሽማግሌው ስለሚቀጥለው ቀጠሯቸው ጠየቁ።

«አርብ ሁለት ሰው ይመጣል?»

«ይመጣል።»

አርብ ሁለት ሾፌሮች ሄደው በደህና አወረዷቸው። እህተማርያም ግን ስልክ የማያነሱ አሥራ አንድ ሰዎች ቀርተዋት፣ ወገቧን በትራስ ደግፋ አሁንም ትደውል ነበር።