ጓደኛዬ ያመጣችው መዝሙር

ለዓመታት በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ግጥም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የእንጅባራ ሰው የሚያውቀኝ በአማርኛ አስተማሪነቴ ነው፤ እሁድ ነጠላዬን አጣፍቼ ስገባ ግን መዘምራኑ «ዛሬስ ምን አዲስ ነገር ይዘሽልናል?» ይሉኛል። ይህን ጥያቄ በጣም እወደው ነበር።

ጓደኛዬ አብሮ አደጌ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ድምፅዋ ያምራል፤ ግጥም ጽፋ ግን አታውቅም። ጥሊሊ ይኖሩ የነበሩት እናቷ ክረምት ላይ አረፉ፤ እሷም ለወራት ከመዝሙር ራቀች። ስትመለስ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ይቺን ልሞክርላችሁ» አለችና ቆማ ዘመረች። ለእመቤታችን የተጻፈ መዝሙር ነው።

የእናቴን ስለት ይዤ እመጣለሁ፣
እሷ የቀረችበትን መንገድ እሄዳለሁ።

እዚህ ጋ ስትደርስ ከፊቴ የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። የኔ መዝሙሮች ተጨብጭቦላቸዋል፣ ሠርግ ላይም ተዘምረዋል፤ እንዲህ ያስለቀሱበትን ቀን ግን አላስታውስም። ቀናሁ። መጀመሪያ ድካም ነው አልኩ፣ ቀጥሎም ለቤተ ክርስቲያን መቆርቆር ነው አልኩ፤ ቅናት መሆኑን ግን ያኔውኑ አውቄዋለሁ።

ስንወጣ «መቼ ጻፍሽው?» አልኳት።

«ብቻዬን አይደለም የጻፍኩት። በስልኬ ላይ ያለው ኤአይ አግዞኛል።» አልደበቀችም፣ አላፈረችምም።

ወረቀቱን ለምርመራ ብዬ ተቀበልኳትና በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ባጃጅ ይዤ መዝሙሮቻችንን ወደሚመረምሩልን መርጌታ ሄድኩ። የሰው ያልሆነ አእምሮ የጻፈውን ምእመን አሜን ሊልበት ይገባል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው እውነተኛ ነበር። ዛሬም እጠይቀዋለሁ። ያን ቀን ግን መልሱን አስቀድሜ መርጬ ነበር የሄድኩት፤ «አይዘመርም» እንዲሉልኝ።

መርጌታ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡት። አንድ ስንኝ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «'ኃጢአቴን ይቅር በይኝ' ይላል። ይቅር የሚለው ልጇ ነው፤ እሷ ታማልዳለች። ይህ ይታረም።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው የሰው ልጅ ልቅሶ ነው። ማሽን እናት የለውም፤ ይህን ከሷ ሳይሰማ አልጻፈውም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም ነገሩን ገና አልጨረስኩትም ልጄ። ግን ሰውን አሳስቶ አሜን ማሰኘት ኃጢአት ነው። እንዴት እንደጻፈችው ለጉባኤው ትናገርና ከዚያ ይዘመር።»

የምታፍር መስሎኝ ነበር። እሁድ ቆማ ሁሉንም ተናገረች። አንድ አዛውንት «እኔ እንዲህ ያለውን አልዘምርም» ብለው ከአዳራሹ ወጡ። ማንም አልተቆጣቸውም። የቀሩት ዘመሩት፤ እኔም ከበሮ መታሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ስታንጎራጉረው ሰማሁና አቅጣጫዬን ቀየርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ዳንግላ ያለ ደብር ለጉባኤ ጠራን። ሚኒባስ ውስጥ ከጓደኛዬ ጎን ተቀመጥኩ። ስለ መዝሙሩ ዝም ልል አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም።

«ለምን ለስልክ ነገርሽው?» አልኳት።

«ምኑን?»

«የእናትሽን ስለት። ሐዘን ላይ ሳለሽ ከአጠገብሽ አልተለየሁም። ስለት እንዳለባቸው እንኳ አልነገርሽኝም።»

ወደ መስኮቱ እያየች «አንቺ ስታዳምጪ ታርሚኛለሽ» አለች። «ሳልጨርስ ቃሌን ታቃኚልኛለሽ። እኔና እናቴ የምናወራው በአገውኛ ነበር። ስለሷ በአማርኛ ለመናገር መንተባተብ ነበረብኝ። እሱ ስንተባተብ ጠበቀኝ።»

«እኮ ስለማይሰማው ነው የሚጠብቅሽ።»

«አውቃለሁ። አልጸለይኩበትም እኮ። ጸሎቴን ያደረስኩት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነው። ለሱ ያወራሁት ወሬ ነው፣ ቃሉን እንዲያስተካክልልኝ።»

እስከዚያ ድረስ የቀናሁት በችሎታዋ መስሎኝ ነበር። ለካ ነፍስ በሌለው ነገር ነበር የቀናሁት፤ የኔን ቦታ ሰጥታው ስላየሁ።

ከዚያ ሳልጠይቃት መናገር ጀመረች። ሕፃን ሆና በጠና ስትታመም እናቷ፣ ከተረፈችላቸው ሩቅ ያለ ገዳም በእግራቸው ሄደው ሊሳለሙ ተስለው ነበር። ጓደኛዬ ሥራ ከያዘች ወዲህ በየዓመቱ «ለከርሞ አብረን እንሄዳለን» ትላቸዋለች። በኋላ እግራቸው ከዳቸው። ሊያርፉ ሲሉ «አንቺ ትሄጂልኛለሽ» አሏት። አማርኛዋ ሲደናቀፍ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ዳንግላ ወርደን ከበሮውን ጋሪ ላይ ጭነን ወደ ደብሩ ሄድን። ከጉባኤው በኋላ አንዲት እናት መጥተው «ያ የእናት ስለት መዝሙር የማን ድርሰት ነው?» አሉ። ጓደኛዬ እንደወትሮዋ በኤአይ መታገዟን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ኤአይ ምን እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም፤ ግንባሯን ሳሟት። ወደኔ ዞረው «አንቺስ ልጄ?» አሉኝ። «ከበሮ መቺ ነኝ» አልኩ።

ገዳሙን በዚያው ዓመት አብረን ሄድን፤ የጠየቀችኝ እሷ ናት። መንገዱ ላይ አብዝታ አወራች፣ እኔም አብዝቼ ሰማሁ። ደጁን ተሳልማ ስታለቅስ ፈንጠር ብዬ ቆምኩ። እኔ እናቴ በሕይወት አለች፣ የተውኩትም ስለት የለም፤ ቢሆንም በዚያ ልቅሶዋ እንኳ ቀናሁባት። ይህንን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። «ለሷም ንገሪያት» አሉኝ። እስካሁን አልነገርኳትም።