የአንድ መስመር ደስታ

አክስት ሻ ዩቺን በየማለዳው ረጅም የቀርከሃ እጀታ ያላትን ጭልፋቸውን ይዘው ከበሬ ኋላ ይቆማሉ። ከንፈራቸውን በምላሳቸው ያርሳሉ፤ ከዚያ ያፏጫሉ። ቀጭን፣ የማትቆራረጥ፣ በደንብ ካልተዘጋ ቧንቧ እንደምትወርድ ውሃ ያለች ፉጨት ናት። እኛ ዘንድ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ቁጢጥ ሲሉ የሚያፏጩት ይህችኑ ነው፤ ልጁ ይሰማና ይሸናል። በአክስት ሻ ፊት በሬም ልጅ ነው። ጆሮውን ያራግባል፣ ጭራውን ያነሣል፣ ጭልፋዋ ትሞላለች።

ችግሩ ፉጨቷን የሚሰማት በሬ ብቻ አለመሆኑ ነው። በገበያችን ያለ ነጋዴ ሁሉ በዚያችው ዜማ ያደገ ነው። ስለዚህ ነጭ ቆባቸውን የደፉ የተከበሩ የከብት ነጋዴዎች ማለዳ ማለዳ የዋጋ ክርክራቸውን እያቋረጡ ወደ ጓሮ ሲሮጡ ይታያሉ። አንድ ጊዜ ከወረዳ የመጣ ባለሥልጣን ስለ ምግብ ደኅንነት ንግግር ሲያደርግ አክስት ሻ ከበስተኋላው ሥራቸውን ጀመሩ። ያን ያህል አጭር ንግግር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰምተን አናውቅም።

ሽንቱ የሚቀዳው «ቀይ ሥጋ ዱቄት» ለሚባለው ክልክል መድኃኒት ምርመራ ነው። ዱቄቱ መኖ ላይ ሲነሰነስ የከብቱ ጮማ ይቀልጣል፣ ጡንቻው ያብጣል፣ የባለቤቱም ፊት ይፈካል። የሚጎዳው በላተኛው ብቻ ነው፤ ልቡ ይደልቃል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። እሱ ደግሞ ሩቅ ከተማ ስለሚኖር ማንም አያውቀውም። የገበያውን መፈክር የምጽፈው እኔ ነኝ፤ «ዱቄት የሰጠ፣ ጎጆውን ሸጠ» የሚለውን በትልቁ ግድግዳው ላይ አስጽፌያለሁ። ነጋዴዎቹ ወደውታል። አክስት ሻ ሲያፏጩ ሮጠው የሚሸኑት እሱ ሥር ነው።

ከጭልፋዋ የተቀዳውን፣ አለቃ ያን የሚባለው የገበያው መርማሪ ጠባብ ወረቀት ላይ ጠብ ያደርገዋል። ሁለት ቀይ መስመር ከወጣ ከብቱ ንጹሕ ነው፤ አንድ ብቻ ከወጣ ዱቄት በልቷል። ይህን የፈለሰፈው ሰው ወንደላጤ ሳይሆን አይቀርም። በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው የእርግዝና መመርመሪያ የተገላቢጦሽ መሆኑን የነገረው የለም።

ቼንኩይ የአክስት ሻ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ሲሞቱ ገና ዳዴ ይል ስለነበር ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት ያለ የሌለውን አሟጦ በሬዎች ገዛ፤ ሚስቱም ያኔውኑ አረገዘች። በሬዎቹ ለገበያ ሊቀርቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ አክስት ሻና እኔ ምሳ ስንበላ፣ ትኩስ የእንፋሎት ዳቦ ይዞ መጣ። ወንድም ለእህቱ ዳቦ ሲያመጣ ደስ ይላል፤ ቼንኩይ ግን ከዚያ በፊት አምጥቶ አያውቅም።

«እትዬ፣ ነገ ያቺን ጭልፋ የሌላ ሰው በሬ ሥር ዞር ብታደርጊያት ምን ትላለች?»

«አፏ ሰፊ ነው፤ ትናገራለች።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያሳደግሽኝ? ለእኔስ አላፏጨሽም?»

«ላንተ ያፏጨሁት ሱሪህን እንዳታበላሽ ነው። አሁንም ለዚያው ነው።» አንዱን ዳቦ ለሁለት ገመሱና ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። «ሰጥተሃቸዋል ወይስ አልሰጠሃቸውም?»

«ሻጩ ቫይታሚን ነው ያለኝ።»

«ቫይታሚን ከሆነማ ምን አስፈራህ?»

ዱቄቱ ከተገኘ በሬዎቹ እንደሚወገዱ፣ እሱም እንደሚታሰር ሦስታችንም እናውቃለን። ቼንኩይ የቀረውን ዳቦ ይዞ ሄደ።

በማግስቱ አክስት ሻ ጭልፋቸውን ለአለቃ ያን ዘረጉለት። «ወንድሜ ነው። የእሱን ሌላ ሰው ይቅዳ።»

«ሌላ ማን ያፏጫል እትዬ?»

«ተማር። ከንፈር አለህ።»

አለቃ ያን ከንፈሩን አሞጥሙጦ አፏጨ። በሬው ዞር ብሎ አየውና ማመንዠኩን ቀጠለ። ነጋዴዎቹ «ድገመው፣ ስምህን እየጠየቀህ ነው!» እያሉ ሳቁበት። በመጨረሻ አክስት ሻ ጭልፋቸውን መልሰው ተቀበሉ፤ ከንፈራቸውን አራሱ፤ አፏጩ። በሬው ጭራውን አነሣ።

ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። አንድ መስመር ወጣ። ሁለተኛውን ጠበቅን፤ አልመጣም።

ቼንኩይ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ አየና ጮኸ። «አንድ! አንድ ናት! ኧረ ተመልከቱ!» የሲጋራ ፓኮውን አውጥቶ ለቀረበው ሁሉ ያድል ጀመር። «ምንም የለበትም! የሚስቴ ጊዜ ሁለት ነበር፣ ያኔ ነው ጉዱ! አንድ ማለት ባዶ ነው!»

«ቼንኩይ፣ ዝም በል» አሉ አክስት ሻ።

«ምን ዝም እላለሁ እትዬ! አንቺ ነሽ ስታስፈራሪኝ የነበርሽው! ቀደም ብለህ ካቆምክ ከሰውነቱ ይወጣል ብሎኝ ነበር ሻጩ፤ ይኸው ወጣ!»

አለቃ ያን ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ምኑን ነው ያቆምከው?»

ሲጋራዋን ጆሮው ላይ ሰክቷት የነበረ አንድ ነጋዴ ከዚያ አወጣትና በጣም በትሕትና ጠረጴዛው ላይ መለሳት።

«እኔ እኮ ለከተማው ላቦራቶሪ ልኬ መልስ እስኪመጣ አንድ ቃል አትናገር ልልህ ነበር» አለው አለቃ ያን፤ የእውነት ያዘነ ይመስላል። «ወረቀት አንዳንዴ ይሳሳታል። አንተ ግን ወረቀቱን ቀደምከው።»

ላቦራቶሪውም ያንኑ መለሰ። በሬዎቹ ተወገዱ፣ ቼንኩይ ታሰረ። አክስት ሻ አንድም ማለዳ ከሥራ አልቀሩም፤ ነጋዴዎቹም እንደ ወትሯቸው ወደ መፈክሬ ይሮጣሉ። ሲመለሱ፣ ሱሪያቸውን እየቆለፉ፣ «ልቧ ድንጋይ ነው፤ ወንድሟን በፉጨት አሳሰረች» ይላሉ። ከመካከላቸው ዱቄት ሰጥቶ የማያውቅ ካለ ድንጋይ የሚለውን ቃል እኔም እቀበለዋለሁ።

ስለ እሳቸው ልጽፍ ማሰቤን ስነግራቸው ሳቁ። «ጻፊ። ስለ ፉጨቴም፣ ስለ ጅሉ ወንድሜም ጻፊ። ድንጋይ ማለታቸውንም አትተዪው፤ ለሥራዬ ይጠቅመኛል። ጠረጴዛው ጋ ያየሽውን ግን ተዪልኝ።»

ጠረጴዛው ጋ ያየሁት ይህን ነው። ሰው ሁሉ ቼንኩይን ተከትሎ ወደ ቢሮ ሲጎርፍ ወረቀቷ እዚያው ቀረች። አክስት ሻ ጎንበስ አሉ። ወድቆ የተላጠ የሕፃን ጉልበት ላይ እንደሚደረገው፣ ሁለተኛው መስመር ሊወጣበት ይገባ በነበረው ቦታ ላይ፣ እፍ፣ እፍ አሉበት።