ወንድሜ ሳይቀምሰው የማይለቀቅ ውሃ

ታላቅ ወንድሜ የቦያችን የውሃ አባት ነበር። ውሃ ወደ ማሳችን ከመለቀቁ በፊት ከቦዩ ራስ ተንበርክኮ በእፍኙ ይቀምሳል። እሱ ሳይቀምስ ቦዩ አይከፈትም፤ የቆየ ልማዳችን ነው።

ቦያችን ከሚጠለፍበት ወንዝ ራስጌ ፋብሪካ ከተተከለ ወዲህ፣ ፍሳሽ ወደ ወንዙ የተለቀቀ ቀን ቀምሶ ይተፋና እስኪጠራ ያስጠብቀናል። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ከፋብሪካው ቱቦ ሥር በጠርሙስ ቀድቶ ቆቦ፣ ወረዳው ቢሮ ይወስዳል።

«አባባ፣ ዛሬም ጠላ ይዘው መጡ?» ይለዋል የቢሮው ወጣት ባለሙያ።

«ጠላ ካልክማ ቅመሰው! ካልቀመስከው ግን ፋብሪካው ፍሳሹን ሳያጣራ እንዳይለቅ ደብዳቤ ጻፍ።»

ባለሙያው ይስቃል። ደብዳቤው ሳይጻፍ ወንድሜ አረፈ።

አርባው ከወጣ በኋላ የውሃ ተራችን ደረሰና ከቦዩ ራስ ተሰበሰብን። እሱ የሚንበረከክበት ድንጋይ ባዶ ነበር። ውሃው ይሸታል፤ ደፍሮ ጎንበስ ያለ የለም። ሽንኩርታችን እንደጠወለገ ቦዩን ሳንከፍት ተመለስን።

ሰኞ ጠዋት የእሱን ጠርሙስ ከቱቦው ሥር ሞልቼ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

«እማማ፣ እርስዎም ጀመሩ?» አለኝ።

«ወንበር አቀብለኝ» አልኩት። «እስክትጽፍ እጠብቃለሁ።»