የጋራ አካፋይ

ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ቲቸር ይሉታል። ግንባሩ ላይ የኑዌር መስመሮች አሉት፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ከረባቱን አይፈታም። ከጀዊ የስደተኞች መጠለያ ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው የስደተኞች ምዝገባ ቢሮ የሚመላለሰው፣ ትየርኪዲ መጠለያ ካለችው ሚስቱ ጋር በአንድ ካርድ አስመዝግቡኝ እያለ ነው። ተራው እስኪደርስ የሁለቱን ካርድ ቁጥሮች አሸዋ ላይ በእንጨት ይጽፋል፤ ርዝመታቸው ለጉድ ነው።

«ሁለቱም ውህድ ቁጥር ናቸው» አለው ዘበኛውን አስማረን። «ሁለቱም በአስራ ሦስት ይካፈላሉ። የጋራ አካፋይ አለን እኮ!»

«ለመስኮቱ ሰውዬ ንገረዋ፤ እኔ መደመሩም አቅቶኛል» ብሎ ሳቀ አስማረ።

ተራው ደረሰ። የመስኮቱ ጸሐፊ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳይል፣ «የሚስትህ ቁጥር ተዘግቷል። ቀጣይ!» አለ።

ቲቸር ፈገግ አለ። «ቁጥር አይዘጋም፣ ጌታዬ። ይካፈላል እንጂ የትም አይሄድም።»

አስማረ ግን የሚዘጋው የሞተ ሰው ቁጥር መሆኑን ያውቃል። ወይ አገር! ሰውን በቁጥር መጥራቱ አነሰና ሞቱንም በቁጥር! በእነ አስማረ ቀዬ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ። እንዲህ በመስኮት አይወረወርም።

የሚጠብቀውን በር ክፍት ጥሎ ሄደ። ቲቸርን ክንዱን ይዞ ጥላ ስር አስቀመጠው።

«እዚህ አገር ዘመድ አለህ?»

«አለኝ እንጂ» አለ ቲቸር። «ሚስቴ አለች።»