የማን አለሽ የልጅ ልጅ

«እብናት ገበያ ላይ የታሰረች ወፍ፣
እምም… እምም…»

ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቷል። ልብስ ሰፊዋ ፍቅርተ ይሻው ደብረ ታቦር ባለች ጠባብ ሱቋ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ዜማውን ብቻ ታንጎራጉራለች። ቃሉን አያቷ ይዛው ሄዳለች፤ ዜማ ግን ከሰው ልብ ቶሎ አይወጣም።

በጥር ወር ዋልልኝ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቲያትር ልብስ ሊያሰፋ መጣ። ባርነት በአዋጅ ሳይቀር እስከ ዛሬ ቢዘልቅ አገራችን ምን ትመስል ነበር የሚል ሽሙጥ ጽፎ ነበር። ፍቅርተ ትከሻውን እየለካች በባርነት ስላረጀች አንዲት ሴት እንደ ዋዛ አጫወተችው። አያቴ ናት አላለችውም።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። መጀመሪያ ክራባት ያሰረ ደላላ ወጥቶ፣ «ታጥባለች፣ ትጋግራለች፣ ልጅ ትይዛለች፤ የአንድ ዓመት ዋስትና አላት፤ ካልተስማማችዎ በሌላ እንለውጣለን» ሲል ሰው በሳቅ ፍርስ አለ። ፍቅርተም ሳቀች። እሷንም ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት የላካት ደላላ አነጋገሩ እንዲሁ ነበር። ቀጥሎ እመቤቲቱ ሶፋ ላይ ተንጋላ ባሪያዋን ጠራች፤ «ማን አለሽ!» ከጓዳ «ጌታዬ አለኝ!» የሚል መልስ መጣ። ጌቶቿ ያወጡላት ስም ነው፤ በተጠራች ቁጥር እንደዚያ እንድትመልስ። አዳራሹ አሁንም ሳቀ። ፍቅርተ ግን አልሳቀችም። አያቷ ጌቶቿ ሁሉ ካለቁ በኋላ እንኳ፣ ስሟ ሲጠራ ከእንቅልፏ ባንና ትመልስ ነበር።

ቲያትሩ እንዳበቃ አስተያየት ተጠየቀ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ዘውዱ ተነሱ። ቁጣ የለባቸውም። በእኛ ቀዬ አሽከር ቢኖርም ከልጅ እኩል በልቶ ነው ያደገው፣ እንዲህ ያለ ስም አባቶቻችንን ለመስደብ የተፈጠረ ነው፣ ቲያትሩ ወደ እብናትና ገሳይ ሳይዞር እዚሁ ይቁም አሉ። ዋልልኝንም ስሙን ከየት እንዳመጣው ጠየቁት። ሰው ነግሮኝ ነው አለ። ያ ሰው ስም የለውም ወይ ሲሉት ወረቀቱን ማጣጠፍ ጀመረ። አንዴም ወደ ፍቅርተ አልዞረም።

ነገ እሑድ የማርያም ማኅበር ነው፤ ተራዋም የእሷ። ጠላው ደርሷል፣ የዳቦው ሊጥ ቦክቷል። አጥንቱ ተቆጥሮ ከማዕድ የተገፋ ሰው በዓይኗ አይታለች። ከተናገረች ማን ቤቷ ይመጣል? ዝም ካለች ደግሞ አያቷ የተማሪ ፈጠራ ሆና መቅረቷ ነው።

ተነሳች።

«ጋሽ ዘውዱ፣ የነገርኩት እኔ ነኝ። እኔ ፍቅርተ ይሻው፤ ይሻው የማን አለሽ ልጅ። ከዚያ ወዲያ አልቆጥርም፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም እሷም ረስታው ነበር። እናንተ ቤት ካልነበረ እግዜር ይመስገን። እኛ ቤት ነበረ።»

አቶ ዘውዱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ተቀመጡ።

በማግስቱ ፍቅርተ በሯን ገርበብ አድርጋ ጠበቀች። ቀድመው የደረሱት የማኅበሩ ታላቅ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። በሩን በከዘራቸው ገፍተው፣ እንግዳ የጠራ ሰው በር ይከፍታል እንጂ አይደበቅም ብለው ገሰጿት። ሌሎቹም ሁለት ሁለት እየሆኑ መጡ። ጎረቤቷ ብርቱካን መጨረሻ ገባች። ጸሎት ደርሶ ዳቦው ሲቆረስ ግን፣ ላሜ ልትወልድብኝ ነው ብላ ሳትቀምስ ወጣች። ላሟን ለመስቀል እንደሸጠች የማያውቅ አልነበረም።

ባለተራዋ እንግዶቿ በልተው እስኪነሱ ቆማ ታሳልፋለች፤ ደንቡ ነው። ፍቅርተ ማሰሮ ይዛ ስትዞር እትዬ ጥሩወርቅ ቀሚሷን ያዟት።

«ነይ ወዲህ፣ ልጄ። መቆሙን አያትሽ ጨርሳዋለች።»

እጇን ታጠበች። ብርቱካን በለቀቀችው ቦታ፣ በሁለት ሴቶች መካከል ተቀመጠች። ወጡ ቀዝቅዞ ነበር። ቆርሳ በላች።