የጠሃ አርባ አምስት ደቂቃ

ጠሃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጅማ መርካቶ ውስጥ የሱን ሱቅና የኔን ልብስ ስፌት ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። አንዴ ቻይና፣ ጓንጁ ደርሶ ከተመለሰ ወዲህ የሰማዩን መንገድ እሱ ያስጠረገው ይመስል ነበር። አቡጀዲ ሊገዛ የገባ ገበሬ፣ ከአዲስ አበባ ጓንጁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ሳይማር አይወጣም። እኔ እንኳ አጋሮ ደርሼ ስመለስ፣ «በአየር ቢሆን ሰባት ደቂቃ ነው» ይለኛል። አውሮፕላኑ አጋሮ የት እንደሚያርፍ እሱ ይወቅ።

«ያ ጎሳዬ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። እናንተ ቀኑን ሙሉ አቧራ ቃሙ!» ይህችን እንደ ዱዓ ይደጋግምልኛል።

ባለፈው ክረምት ሁለታችንም ዕቃ ልንገዛ አዲስ አበባ ሄደን አንድ ፔንስዮን አደርን። ማለዳ ስልኩ ጮኸ። እናቱ አዴ ኡሙልኸይር ጅማ ጫፍ፣ ጅሬን ቤታቸው አርፈዋል፤ ቀብሩ ዛሬውኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው ተባለ። ጠሃ አንድ ልጃቸው ነው። እኔም ባዶ እጄን ጅማ ስገባ፣ ከልጃቸው እኩል ምሳ የቆረሱልኝ እሳቸው ናቸው።

«ተነስ፣ መኪና እንያዝ» አልኩት።

«ለምን? የስምንት ሰዓቱ አውሮፕላን አለ። አንተ ጊቤ በረሃ ስትጠበስ እኔ ደርሼ እጠብቅሃለሁ።»

እያለቀሰ እኮ ነው ይህን የሚለው። ሰው እንባው እየወረደ እንዴት ደቂቃ ይቆጥራል? ተናድጄ ጥዬው ወጣሁ።

ስምንት ሰዓት ሙሉ በመኪና ተጉዤ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጅሬን ገባሁ። ጠሃ የለም። አዲስ አበባ ላይ ዝናብ አውሮፕላኑን አዘግይቶታል አሉ፤ ስልኩም ዝግ ነው። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ጠበቁት። በመጨረሻ የሰፈሩ ታላቅ ሀጂ ሀቢቡላህ፣ «ጀናዛ አይቆይም፤ አንሱ» አሉ።

ጉድጓዱ ውስጥ ስናወርዳቸው ከደመናው በላይ አውሮፕላን አጉረመረመ። ሁሉም ቀና አለ። «ልጃቸው ነው» አለ አንዱ። አውሮፕላኑ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፤ ደመናው አላሳርፍ ሲለው ወደመጣበት ተመለሰ። ድምፁም ጠፋ። ከዚያ ሀጂ ወደኔ ዞረው፣ «በል ጎሳዬ፣ አፈሩን በሱ ፋንታ አንተ ጀምር» አሉኝ። እኔ የማርያም ማኅበርተኛው ጎንበስ ብዬ በእጄ ዘገንኩ።

ጠሃ የገባው በማግስቱ ነው። እኔ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ አርባ አምስት ደቂቃህ ደህና ናት ወይ ልለው። መጥቶ ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ጥፍሬ ውስጥ የቀረውን ቀይ አፈር ብዙ አየው።

«ስትቀብሯት እኮ እላይ ነበርኩ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያ ሁሉ ያዘጋጀሁት ሽሙጥ ጠፋብኝ።

«ሰምተንሃል» አልኩት።